ርካሹ ማክሰኞ

ልጁ ከመርከቡ በፊት ይምጣ ወይስ ከመርከቡ በኋላ? ይህን ማን ይመልስልኛል? ባሌ ሰንበታ እንደሆነ በጠየቅሁት ቁጥር ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ጎረቤቴ ጉዲቱ «ሲመጣ ይመጣላ፣ ምን ያንገበግብሻል?» ትለኛለች። እኔ ግን ዓይኔ አልከደን ብሎ አድሬ እነሳለሁ።

ልጁ የምለው የልጅ ልጄን ፈይሳን ነው። እናቱ፣ ያችው አንዲት ልጄ፣ ጡት ሳታስጥለው ስላለፈች ያሳደግነው እኔና ሰንበታ ነን። እኔ የቡልጋ ሰው ነኝ፣ ሰንበታ የደራ። ፈይሳ እኔን በአያቱ ወገን አጠራር፣ በኦሮምኛ፣ «አኮ» ይለኛል፤ አያቱን «አባባ»። ሰንበታ ዕድሜውን የጨረሰው ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ሲያስቀይር ነው። ልጁም ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ ወደ ቤት መምጣት የለ፣ ቀጥ ብሎ እዚያው። ማታ ሁለቱም ግራሶ ተቀብተው ይገባሉ፣ ከአንድ ሰሀን ይበላሉ፣ ከዚያ ተጋግዘው እኔን ያበሽቁኛል። ዝናብ ሲያጉረመርም ልብስ ሳስገባ፣ ወባ ያዛቸው ብዬ ግንባራቸውን ስዳብስ ይስቁብኛል። እኔ ባልሰጋላቸው ኖሮ ሁለቱም ዛሬ በሕይወት አይኖሩም ነበር፤ ይህን ግን ማን ይነግራቸዋል?

ፈይሳ አድጎ አሰብ ወደብ ሥራ ገባ። ሙቀቱ ይገድለዋል ብዬ አለቀስሁ። ከዚያ ደግሞ የመርከበኛ ደብተር አወጣና ግሪኮች ዘንድ ተቀጠረ። አሁን የማለቅሰው ለባሕሩ ሆነ። መርከቡ ዕቃ የሚጭን አይደለም። ሀብታም ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለመዝናናት የሚሳፈሩበት፣ ውስጡ መዋኛና ጭፈራ ቤት ያለው ነው፤ ፈይሳ እዚያ ምግብ ያቀርባል።

«የት ነው የሚወስዳቸው?» ብሎ ጠየቀው አንድ ጊዜ ሰንበታ።

«ደሴት ደሴቱን ያዞራቸውና ወደተነሱበት ይመልሳቸዋል፣ አባባ።»

«ወደተነሱበት? ታዲያ ቤታቸው ቢቀመጡ ምን ነበረበት! የኛ ባቡር እንኳ የከፈለበትን ሰው ድሬዳዋ ያደርሰዋል።»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ውሃው ምን ያህል ይጠልቃል እያልሁ ነበር።

እንግዲህ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ሁዳዴ ተጋምሷል። የእህል ነጋዴው የአቶ አብተው ሠራተኛ እየሮጠ መጣና «የመርከቡ ልጅ ስልክ ላይ ነው!» አለ። እኛ ሰፈር ስልክ ያለው አቶ አብተው ሱቅ ብቻ ነው። ከአርሲ ነገሌ የመጣ ስንዴ እስከ ጣራው ተከምሮበታል፤ ስልኩ ከሚዛኑ አጠገብ ነው ያለው፤ የሚያወራ ሰው ሁሉ በአቧራው እያስነጠሰ ያወራል። አቶ አብተው የዕድራችንም ዳኛ ናቸው። ስለዚህ ደስታችንም ኀዘናችንም እሳቸው ጆሮ ሳይደርስ የትም አይሄድም።

«አኮ! ደህና ነሽ?»

«ምነው? ምን ሆንህ?»

«ኧረ ምንም አልሆንሁ! መጀመሪያ ደህና ነኝ ይባላል።»

«አሞህ ነው?»

ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ነገሩን በዝግታ አስረዳኝ። የነበረበትን መርከብ ለቅቋል፤ አዲሱ የሚነሳው ከፋሲካ በኋላ ነው። አንዴ ከተነሳ እስከ ጥቅምት ድረስ ጉብኝቱን አቋርጦ መውጣት አይፈቀድለትም። አሁን መርከቡ እስኪነሳ ጥቂት ባዶ ቀኖች አሉት፤ ሲያልቅም እንደዚሁ ይኖረዋል። ወይ አሁን ይመጣል፣ ወይ ያኔ ይመጣል። ሁለቱን ጊዜ ግን አይችልም፤ የአውሮፕላኑ ዋጋ ደመወዙን ጠርጎ ነው የሚበላበት።

«ሣራን ጠይቂያት» አለኝ። «የትኞቹ ቀኖች እንደሚረክሱ እሷ ታውቃለች። አንቺና አባባ ምረጡና እኔ የመረጣችሁትን አደርጋለሁ።»

ሰንበታ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። «አንተ! አሮጊቶቹን አታፍዝዛቸው!» ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ሳል ያዘው፤ የስንዴው አቧራ ነው ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። አቧራው እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

ሣራ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ያዝኋት።

«እትዬ አበዛሽ፣ ከመርከቡ በፊት የሚሉት ጊዜ እኮ ልክ ፋሲካ ነው» አለችኝ። «የግሪኮቹ ፋሲካ ከኛ ጋር ነው የሚውለው። የነሱ ሰው ወደ አገሩ፣ የኛ ሰው ወደ አገሩ። ወንበር አይገኝም፤ ከተገኘም በሙሉ ዋጋ ነው።»

«ከመርከቡ በኋላስ?»

«ኅዳር? ኅዳር ላይ ማን ይንቀሳቀሳል? አውሮፕላኑ ባዶውን ነው የሚመጣው። ቅዳሜና እሑድን ይሽሽ፣ በሳምንቱ መሀል ይሳፈር፤ ግማሽ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ሲመለስም እንደዚሁ፣ ገና ሳይደርስ ይውጣ። ገና ከደረሰ ዋጋው ጣራ ይነካል።»

«አውሮፕላኑ ባዶውን ሲመጣ አይቀልልም? ንፋስ አያንገላታውም?»

ሣራ አየችኝ። «እትዬ፣ እሱን ለፓይለቶቹ ይተዉላቸው» አለች።

ዋጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጭንቀቴ እዚያው ባበቃ። ግን በዚያ ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ነበር። የጋሪ ነጂው ልጅ ለፈረሱ ሣር ሊገዛ እንደወጣ አልተመለሰም። ፈይሳ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ደግሞ እንደ አያቱ ከሩቅ የሚታይ። «የመርከበኛ ደብተር አለኝ፣ እኔን አይነኩኝም» ይላል። ደብተሩን አውጥቶ እስኪያሳይ ማን ይጠብቀዋል? የአፈሳው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ደብተር ምን ያደርግለታል? በሌላ በኩል ደግሞ የሰንበታ እግር አለ። ጠዋት ደህና ይሆንና ወደ ማታ ያብጣል፤ ጣቴን ስጫነው ስርጉድ ብሎ ይቀራል። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል ብሏል። ምን ያህል እንደደከመ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

አንዱን ልጠብቅ ስል አንዱ ያመልጠኛል። ልጁን ልጥራው ስል መኪናው ይታየኛል፤ ይቆይ ስል እግሩ ይታየኛል።

«ሰንበታ፣ አሁን ይምጣ ወይስ ኅዳር?»

ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ሄጄ ዘጋሁበት።

«ኅዳር» አለኝ ያኔ። «ረከሰ አላለችሽም ልጅቷ? በሚተርፈው ብር ጫማ ይግዛበት። እኔ እንደሆነ የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?»

«እግርህስ?»

«እግሬ ምን ሆነ? እግሬ ላይ ነው እንዴ የሚሳፈረው?»

ሳቀብኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሲተኛ ግን ትከሻው እንደ ወትሮው ሰፊ አልመስል አለኝ። ሰኞ አቶ አብተው ሱቅ ሄጄ፣ ፈይሳ ሲደውል ኅዳር አልሁት። «እሺ አኮ፣ አንቺ ካልሽ» አለ። ድምፁ ትንሽ ወረድ ያለ መሰለኝ። መስመሩ ይሆናል።

ሰንበታ ሐምሌ ላይ ሞተ። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ ነበር። ከሰዓት ላይ ትንሽ ልረፍ ብሎ ጋደም አለ፤ ሻይ ይዤ ስገባ አርፏል። እንዲህ ነው እንጂ ሌላ የምለው የለኝም።

ቀብሩ ብዙ ሰው የተሰበሰበበት ነበር። የባቡር ጣቢያ ሰዎች መጡ፣ ከደራ በጭነት መኪና መጡ። ሠልስት እንዳለፈ ዕድርተኞቹ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው የፈይሳን ነገር አነሱት።

«ቴሌግራም ይደረግለታ» አለ ከደራ የመጣ ዘመድ።

«ቴሌግራም!» አሉ አቶ አብተው። «ማን ነው የሚያነብለት? አንድ ነጭ መጥቶ ወረቀት ሰጥቶት ይሄዳል። ከዚያስ? ባሕር መሀል ላይ ማን ይዞት ያለቅሳል? ራሱን ቢጥልስ?»

«በሽቦ መርዶ ተነግሮም አያውቅ» አለች ጉዲቱ ከሴቶቹ በኩል። «ሰው ሳይከበው፣ ወገቡን የሚይዝለት ሳይኖር!»

እኔም ያው ነው ያልሁት። ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ። በኛ ደንብ የሩቅ ሰው መርዶውን የሚሰማው በማለዳ፣ ቤቱ ገብቶ፣ የሚያውቁት ሰዎች በግራና በቀኝ ተቀምጠው፣ ትልቅ ሰው እያዋዛ ሲነግረው ነው። እስከዚያ ድረስ እንዳይጠረጥር ይጠበቃል። ሰፈሩ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ይህን የምናደርገው ስለምንወደው ነው። ያን ልጅ በአውሎ ነፋስ፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ ትሪ ተሸክሞ እያለ ልንገረው? አንጀቴ እሺ አላለኝም።

ለቅሶ ደራሹ ተበተነ፤ ድንኳኑ ተነቀለ። ጸጉሬን ተቆርጬ፣ ጥቁር ለብሼ ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ክረምቱ ያን ዓመት ረጅም ነበር። ሬዲዮኑን እንዲናገር ከፈትሁት፤ የሚናገረው ለሌላ ሰው ስለመሰለኝ ዘጋሁት። የሰንበታን ፍራሽ ጠቅልዬ በገመድ አሰርሁት፣ አልጋው ባዶ ጣውላውን ቀረ። ወጥ ስሠራ የሁለት ሰው እሠራለሁ፤ በማግስቱ የተረፈውን እበላለሁ፤ እንደገና ደግሞ የሁለት ሰው እሠራለሁ። ጉዲቱ ብቅ ትላለች፣ ትንሽ ታጫውተኛለች፣ የራሷ ቤት አለባትና ትሄዳለች። እሷ ስትወጣ የበሩ ድምፅ ያስጠላኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ማልቀሱ አልነበረም። አብሮኝ ሊያለቅስ የሚገባው አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ አሁን የትኛው ደሴት ላይ እንዳለ፣ ለየትኛዋ አሮጊት ሾርባ እንደሚያቀርብ አላውቅም። እየሳቀ ይሆናል እል ነበር። ይሳቅ፣ እስኪመጣ ይሳቅ።

መስከረም ላይ፣ መስቀል እንዳለፈ፣ የአቶ አብተው ሠራተኛ እየሮጠ መጣ።

ሱቁ በር ላይ ስደርስ፣ በስልክ የሚያየኝ ይመስል፣ ጥቁሩን ነጠላ ከራሴ ላይ አወለቅሁት። አቶ አብተው ሚዛኑን አስቁመው፣ ገበያተኛውን ዝም አሰኝተው አጠገቤ ቆሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቀስ፣ ቀስ ይሉኛል።

«አኮ! እንቁጣጣሽ! አለፈ አይደል? ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን» አልሁት። ነን አልሁ።

«ስሚኝማ፣ መርከቡ ሞተሩ ታመመ። ጉብኝቱ በጊዜ አበቃ። አሁን ወደቡ ላይ ነኝ። የፊታችን ቅዳሜ አውሮፕላን አለ፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ግን ናፍቄያችኋለሁ። ልምጣ?»

ና፣ ዛሬውኑ ና፣ የፈለገውን ያህል ይውደድ ልለው ነበር። ግን ያን ብል ያውቃል። አኮ ብር ስትበትን አይቶ አያውቅም። ለአንድ ፓስታ ገበያውን ሦስቴ የምዞር ሴት «ውዱን ቲኬት ግዛ» ብል፣ ሰው ሞቷል ማለቴ እንደሆነ ሕፃንም ይገባዋል። አቶ አብተውም ይህንኑ አስበው ኖሮ ዓይናቸውን አፍጥጠው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አትምጣ!» አልሁት። «ምን አስቸኮለህ? ሣራ ያለችውን ረሳህ? ኅዳር ነው የሚረክሰው።»

«አንድ ወር እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«ወደቡ ላይ ሥራ አታጣም። ብርህን አትበትን። ርካሹን ቀን ጠብቅ።»

መስመሩ ይንሾካሾክ ነበር። «እሺ» አለ ቀጥሎ፤ ከዚያ ሳቅ አለና «አንቺማ ሠርጌን ራሱ በቅናሽ ነው የምትደግሺው» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም።

«አባባን አቅርቢልኝ።»

«ደራ ሄዷል። ሠርግ አለባቸው።»

«እግሩስ?»

«አሁንማ አያመውም።»

«ምን ላምጣለት?»

አቶ አብተውን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ስንዴው አዙረዋል።

«የሚሞቅ ነገር» አልሁት።

ስልኩን ሳስቀምጥ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ነበር። አቶ አብተው ወንበር ሰጡኝና «ጀግና ነሽ» አሉኝ። የስንዴ ጆንያ ላይ ተደግፌ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ጥቁሩን ነጠላ ለብሼ ወደ ቤቴ።

ኅዳር ገባ። ሣራ ዘንድ መልእክት ልኮ ኖሮ፣ ሐሙስ እንደሚደርስ ነገረችን። ዕድሩ ሁሉን ነገር ደነገገ። ሣራ ከአውሮፕላን ማረፊያው ትቀበለዋለች፣ በአውቶቡስ ይዛው ትመጣለች፤ ያን ዕለት አቶ አብተው ቤት ያድራል። እኔ ሰንበታን ለማምጣት ደራ ሄጃለሁ ይባልለታል። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሰዎች ይሰበሰቡና ይነግሩታል። ምናልባት አላስችል ብሎት ሐሙስ ማታ ወደ ቤት ቢመጣ ደግሞ ቤቱም እኔም እንዳናስጠረጥር መሰናዳት አለብን።

«ነጭ ቀሚስሽን ታጥቢያለሽ» አለች ጉዲቱ። «ራስሽ ላይ ይህን የኔን አበባማ ሻሽ ታስሪያለሽ፣ ጸጉርሽ እንዳይታይ። የሰንበታን አልጋ አንጥፊለት። ጃኬቱን ሚስማሩ ላይ መልሺው።»

«አልጋውን እንዴት አነጥፈዋለሁ?»

«እንዴት ይነጠፋል? በአንሶላ ነዋ!»

«አልችልም፣ ጉዲቱ።»

«ረቡዕ እመጣለሁ፣ አብረን እናነጥፈዋለን። አንቺ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ።»

ሳናስበው ሳቅን፣ ከሳቁም ወደ ልቅሶው ገባን። ሻሹን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ሄደች። ሐሙስ እስኪደርስ ሥራ ስለነበረኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሳምንት ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። ልጄ ይመጣል። ይነገረዋል፣ ያለቅሳል፣ አጠገቤ ቁጭ ይላል። ሁለት ሰው እንሆናለን። የሁለት ሰው ወጥ ሠርቼ ሁለት ሰው ይበላዋል። ከዚያ በፊት በአንዱ በኩል እንዳይሰማ ብቻ ነበር ስጋቴ፤ አንድ የማያውቅ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ነፍስ ይማር እንዳይለው። ለዚህም ነው ሣራን ከጎኑ እንዳትለዪ፣ መስኮት በኩል አስቀምጪው ያልኋት።

ማክሰኞ ነው። የናዝሬት ንፋስ አቧራውን እያነሳ የቆርቆሮ በሩን ያንገጫግጫል። እኔ በሩ አጠገብ ብርሃን ያለበት ተቀምጬ፣ ሰፌድ ጭኔ ላይ አድርጌ ምስር እለቅማለሁ። ጥቁር ቀሚሴን ለብሻለሁ። ራሴ ባዶ ነው፤ ሻሹ ጠረጴዛው ላይ ነው። ነጩ ቀሚሴ ታጥቦ ጓሮ ተሰጥቷል።

የጋሪ ደወል ሰማሁ። ጋሪ በሰፈራችን ሲያልፍ ነው የሚውለው፤ ቀናም አላልሁ። ቆመ። አንድ ሰው ነጂውን አመስግኖ ሲወርድ ሰማሁ።

«አባባ! ሐዲዱን ክፈት፣ ባቡር መጣ!»

ልጅ ሆኖ ግቢው በር ላይ ሲደርስ የሚጮኸው ነበር። አያቱ ካለበት ሆኖ «ክፍት ነው፣ ግባ!» ይለው ነበር።

ሻሹን ላንሳ አልሁ፣ ጠረጴዛው ሩቅ ሆነብኝ። ድምፁ ግቢው ውስጥ ገባ፣ እያወራ ነው የሚመጣው።

«አኮ፣ ጉድ ልንገርሽ! ርካሽ ርካሽ ስትዪኝ ይኸው ጎበዝ ሆንሁልሽ። ሐሙስ በሚደርሰው ከምትሳፈር ማክሰኞ ጠዋት በሚደርሰው፣ በካይሮ ዞረህ ብትሄድ ከዚያም ይረክሳል አሉኝ። ለሣራም አልነገርኋት፣ ድንገት ልግባባችሁ ብዬ! በተረፈው ለአባባ…»

በሩ ላይ ቆመ።

ረዝሟል፣ ጠቁሯል። ባንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው ክንዱ የታጠፈ ወፍራም ካፖርት ይዟል። መጀመሪያ ያየው ጸጉሬን ነው። ከዚያ ቀሚሴን አየ። ከዚያ ከኔ አልፎ፣ ወደ ጓዳው፣ ወደ ባዶው ጣውላና ወደታሰረው ፍራሽ አየ። አቶ አብተው አጠገቤ የሉ፣ ወገቡን የሚይዝለት ጎልማሳ የለ። ማንም የለ፣ እኔ ብቻ ነኝ። ሰፌዱ ከጭኔ ወድቆ ምስሩ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«መቼ?» አለ።

«ልጄ፣ ቁጭ በል። ልጥራ፣ ጉዲቱን ልጥራ…»

«መቼ ነው፣ አኮ?»

«ሐምሌ።»

«ሐምሌ» አለ። ሻንጣውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፤ ካፖርቱን አላስቀመጠም። «መስከረም ላይ ደውዬልሻለሁ።»

«ደውለሃል።»

«ደራ ነው አልሽኝ።»

«ብዬሃለሁ።»

«ቅዳሜ ልምጣ አልሁሽ። ውድ ነው፣ ግን ልምጣ አልሁሽ።» ድምፁ አልጨመረም። ያ ነው ያስፈራኝ። ቢጮህ እጮህ ነበር። «ርካሽ ቀን ጠብቅ አልሽኝ። እኔም ጠበቅሁ። ወደቡ ላይ ጆንያ ተሸክሜ ጠበቅሁ። በየቀኑ ቲኬት ቢሮ እየሄድሁ፣ ዛሬስ ረከሰ? እያልሁ። ልጅቷ ሳቀችብኝ።»

«ለብቻህ ነበርህ፣ የኔ ልጅ። እዚያ አገር ማን ይይዝሃል? ማን አብሮህ ያለቅሳል ብዬ ነው። አንተን ብዬ ነው…»

«አንቺንስ?» አለ። «ከሐምሌ ጀምሮ አንቺን ማን ያዘሽ?»

ይህን ሰው ጠይቆኝም አያውቅ። እጄን ዘረጋሁለት። እሱ ግን ጓዳውን እያየ ነበር፤ እጄን ያየው አልመሰለኝም።

በዚህ መሀል ጉዲቱ ጋሪውን አይታ ኖሮ በአጥሩ በኩል ዘልቃ መጣች። በሩ ላይ ስታየው ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ወይኔ! ሐሙስ አይደለም እንዴ? ወይኔ ሰንበታ!» ብላ ጮኸች። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያደገደጉ፣ የጣቢያ ሰዎች ባርኔጣቸውን እያወለቁ፣ ግቢው ሞላ፣ ቤቱ ሞላ። አቶ አብተው የስንዴ አቧራ በቅንድባቸው ላይ እንዳለ ደረሱ። ሰዎች ፈይሳን በትከሻው ይዘው አግዳሚው ላይ አስቀመጡት፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። እንባ አልወጣውም። ካፖርቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መሬቱን፣ ሰው የረገጠውን ምስር ያያል።

አቶ አብተው ለዓርብ ማለዳ ያሰናዱትን ከመናገር ሌላ ምን ያድርጉ? ፊት ለፊቱ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጃችን ፈይሳ» አሉ፣ «እንግዲህ አንተ አስተዋይ ነህ፣ አገር ያየህ ነህ። አያትህ ሰንበታ ጥቂት አሞት ነበር…»

ፈይሳ ተነሳ። የያዙት ሰዎች ሊያለቅስ መስሏቸው ወገቡን ሊያቅፉ ሲሉ በዝግታ እጃቸውን ከላዩ አነሳ። አቶ አብተው ንግግራቸውን አቋርጠው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። እኔ ከተቀመጥሁበት «ፈይሳ» አልሁ፤ በሴቶቹ ልቅሶ መሀል ይሰማው አይሰማው አላውቅም። ሻንጣውን ትቶ፣ ካፖርቱን እንደታቀፈ በሰዎቹ መሀል አለፈ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ወደ እኔ አልዞረም፤ ከቤት ወጣ።